ከአልጋዬ በላይ የተንጠለጠለው ባምፐር

የቀለም መርጫዬን ከሸጥሁ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። አሁን ሥራዬ ደባርቅ ከተማ ውስጥ እየዞርሁ የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነው። በር አንኳኳለሁ፤ «ቆጣሪ!» እላለሁ፤ ቁጥሩን እጽፋለሁ፤ እወጣለሁ። ከበር በር ስል የሚያየኝ ሰው ከተማው ሁሉ ወዳጄ ይመስለዋል። እኔ ግን አብዛኛውን ቤት የማውቀው በቆጣሪው ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፉት ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው፤ እኔን ጡረታ ያወጣኝ ዕድሜ ሳይሆን ደረቴ ነው። አሥራ አንድ ዓመት መኪና ስቀባ፣ ቲነር ስተነፍስ ኖሬ፣ በመጨረሻው ክረምት ከገበያው እስከ ቤቴ ያለችውን አቀበት ሦስት ጊዜ ሳላርፍ መውጣት አቃተኝ። ሐኪሙ ደረቴን አዳምጦ «ከቀለሙና ከሳንባህ አንዱን ምረጥ» አለኝ። መረጥሁ። ኮምፕረሰሩን፣ መርጫውን፣ የተረፈውን የቀለም ቆርቆሮ ሁሉ አንድ የጎንደር ሰው ጭኖ ወሰደው። አንድ ነገር ብቻ አልሸጥሁም፤ ከአልጋዬ በላይ፣ ከጣሪያው ማገር በሽቦ የተንጠለጠለ ነጭ የመኪና ባምፐር። ቤቴ ሰው ስለማይመጣ ምንድነው ብሎ የጠየቀኝ የለም። ከየት እንደመጣ ልጻፍ።

አሥረኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ ዳባት ከአውራ ጎዳናው ዳር ካለች ጋራዥ ገባሁ። ባለቤቷ ጋሽ ፈንታ ባትላሜራም ቀለም ቀቢም ነበሩ፤ የተጨረማመተ ቆርቆሮ ቀጥቅጠው ያቃናሉ፣ ከዚያም ራሳቸው ይቀቡታል። የጋራዧ ፈቃድ «ልዩ ልዩ ጥገና» ይላል። ደመወዜም እንደ ፈቃዱ ልዩ ልዩ ነበር፤ አንዳንድ ወር ብር፣ አንዳንድ ወር ጤፍ።

የጋሽ ፈንታ እጅ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። በብርጭቆ ወረቀት የታሸ ቆርቆሮ መለስለሱን የሚያውቁት በመዳፋቸው ሳይሆን በእጃቸው ጀርባ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የታመመ ሰው ግንባር እንደሚዳሰስ ቀስ አድርገው ያሳልፉታል። «መዳፍ ሥራ ስለለመደ ይዋሻል» ይሉኝ ነበር። ቀለም ከመርጨታቸው በፊት አቧራ እንዳይነሣ ወለሉ ላይ ውሃ ያርከፈክፋሉ። ነጭ ቀለም ሲቀምሙ ፀሐይ ላይ አያዩትም፤ ጥላ ውስጥ ከመኪናው ጎን ያስጠጉትና ቢጫ በስንጥር ጫፍ፣ ጥቁር በመርፌ ጫፍ ይጨምሩበታል። «ነጭ የሚባል ቀለም የለም» ይላሉ። «የወተት ነጭ አለ፣ የአጥንት ነጭ አለ፣ የአመድ ነጭ አለ። ይህ መኪና የትኛው እንደሆነ ንገረኝ።»

ይህን ሁሉ ወደድሁላቸው። ያልወደድሁላቸው ወሬያቸውን ነበር። ባለመኪናው ገና እግሩ መሬት ሳይነካ ይጀምሩታል። «የት ነው የሚያድረው? ዛፍ ሥር? ምን ዛፍ? የሚያጥበው ማነው? በምን ሳሙና? ከኔ በፊት የቀባውስ ማን ነበር፣ ለምን ወደሱ አልተመለስህም?» መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንዲት ጥያቄ አለቻቸው፤ «ምን በልቷል?» ይላሉ። ቆርቆሮው ምን ሲቀባ፣ ምን ሲፈስበት እንደኖረ ማለታቸው ነው። አንድ ቀን አንድ የእህል ነጋዴ ትዕግሥቱ አለቀና «ጋሽ ፈንታ፣ መኪናዬን ሊቀቡልኝ ነው ወይስ እኔን ሊያናዝዙኝ?» አላቸው።

«መጀመሪያ ተናዘዝ» አሉት፤ «ቀለሙ ቀኖናው ነው።»

ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔ ጥጌን ይዤ ማሸቴን እቀጥላለሁ። ሲፈጥረኝ ዝምተኛ ነኝ። ሙያው እጃቸው ላይ ያለ፣ ጥያቄው ደግሞ የእርጅና አመል መስሎኝ ነበር። ሦስት ዓመት እጃቸውን አጠናሁ። አፋቸውን አላጠናሁም።

በሦስተኛው ዓመት ዓይናቸው ሞራ ያዘው፤ ነጩን ከነጭ መለየት ሲያቅታቸው ጋራዧን ዘጉ። ደባርቅ ልሄድ መሆኔን ስነግራቸው «ብረት አስተምሬሃለሁ» አሉኝ። «ፕላስቲክ ግን እኔም አላውቀው። እሱን ራስህ እየጠየቅህ ተማር።»

ደባርቅ ላይ እትዬ ብርቄ ከሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ያኔ አስፋልቱ ገና አልደረሰም ነበር፤ ከጎንደር የሚመጣውም፣ ቱሪስት ወደሚሰፍርበት ወደ ሳንቃ በር የሚወጣውም መኪና የሚሄደው በጠጠር ነው። ጠጠር ደግሞ የመኪናን አፍንጫ ይለቅመዋል። የድሮዎቹ መኪናዎች የፊት መከላከያ ብረት ነበር፤ ጋሽ ፈንታ በጥንቱ አጠራር ፓራውልት ይሉታል። የአዲሶቹ ባምፐር ግን ፕላስቲክ ነው፤ ፕላስቲክም ቀለም አይወድም። ብረት ላይ ዘመን የሚቆይ ቀለም ፕላስቲክ ላይ በጥፍር ይነሣል።

ያስተማረኝ ሰው የለም። የተሰባበረ ባምፐር ለቅሜ ከጀርባው የተጻፉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት ደብተሬ ላይ ገለበጥሁ። ከእያንዳንዱ ጣት የሚያህል እየቆረጥሁ ውሃ ላይ ጣልሁት፤ የሚሰጥም አለ፣ የሚንሳፈፍ አለ። የሚሰጥመው ቀለም ይቀበላል። የሚንሳፈፈው እንደ ውሃ የጠራ፣ ከጎንደር የሚመጣ የፕላስቲክ ፕራይመር ካልቀደመው አይቀበልም። ይህን ለመለየት አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ሁሉንም ጻፍሁ፤ የቀኑን አየር ሳይቀር። ደባርቅ ከቀትር በኋላ ጉም ይወርዳል፤ ጉም ያገኘው ቀለም ላዩ ወተት ይለብሳል። ስለዚህ የምረጨው ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ስድስት ብቻ ነው።

ጋራዥ ስላልነበረኝ የምሠራው እዚያው መኝታዬ ውስጥ ነው። አልጋዬን ግቢ አወጣለሁ፤ ግድግዳውን በላስቲክ እጋርዳለሁ፤ ወለሉን አረጥባለሁ፤ ባምፐሩን ከማገሩ በሽቦ አንጠለጥላለሁ። የቀለሙን ቆርቆሮ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆመዋለሁ፤ በደባርቅ ብርድ ቀለም ይወፍራል። መርጫውን አንድ ስንዝር አርቄ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ክንዴን እንጂ የእጄን አንጓ ሳላጥፍ አሳልፈዋለሁ። አንድ ወፍራም ከመቀባት ሦስት ስስ ይሻላል። በየመካከሉ ጣቴን በማይታይ ጥግ ነክቼ፣ ቀለሙ ክር መሳብ እስኪተው እጠብቃለሁ። ያ መጠበቅ ረጅም ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ የጠበቅሁትን ሰዓት ብሰበስበው ዓመታት ይወጣዋል።

እትዬ ብርቄ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው ከበር ላይ ይቆጡኛል። «አስማረ፣ ይህ ሽታህ አንድ ቀን ሚስት ያባርርብሃል!»

«ሚስት የለኝም እኮ፣ እትዬ።»

«አላልሁህም!»

ሽታዬን የማይሸሽ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ይርጋ። እኩያዬ ነው። ጎንደር የሚኖር አንድ ባለሀብት የቱሪስት መኪና ይነዳ ነበር። እንግዶቹን ሳንቃ በር አድርሶ ሲመለስ እኔ ዘንድ ይመጣና፣ የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀምጦ ያወራል። በቅሎ ላይ ወጥታ አልወርድም ስላለች ፈረንጅ፣ ስለ እናቱ ጉልበት፣ ጎንደር ስለሚያስተምራቸው ሁለት እኅቶቹ ያወራል። እኔ አሻለሁ። «አንተ እኮ ሬዲዮ ነህ፤ የተዘጋ» ይለኛል።

አንድ ቀን «እስኪ ዛሬ አንተ ጠይቀኝ» አለኝ።

«ምን ልጠይቅህ?»

«ምንም! ምሳ በላህ ወይ በለኝ!»

ሳቅሁ። ግን አልጠየቅሁትም።

ደባርቅ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በአንድ ረቡዕ ይርጋ የመኪናውን ባምፐር ፈትቶ በጋቢው ጠቅልሎ ታቅፎ መጣ። በሳንቃ በር መንገድ ካለችው ቡይት ራስ በላይ ለበግ መንጋ ገለል ሲል ከመንገዱ ዳር ካለ ቋጥኝ ጋር ተላትሟል። በግራ በኩል ያለው ማዕዘን መዳፍ በሚያህል ስፋት ቀለሙ ተፍቆ ጥቁሩ ፕላስቲክ ወጥቷል።

«ቅዳሜ ጌታዬ ይመጣል» አለኝ። ሲቀልድ አልነበረም። «ሲቀጥረኝ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? መኪናዬ ላይ ጭረት ባየሁ ቀን ቁልፉን አስቀምጠህ ትሄዳለህ ነው ያለኝ። አስማረ፣ እናቴም እኅቶቼም በዚህች መሪ ነው የሚያድሩት።»

«እስከ ዓርብ ይደርሳል» አልሁት።

ጋቢውን ስገልጠው ባምፐሩ እንደ መስተዋት ያበራ ነበር። የጠጠር መንገድ አቧራ ብናኝ እንኳ የለበትም። ደስ አለኝ። ንጹሕ ዕቃ የሚያመጣልኝ ሰው አልነበረም። ለምን እንዲህ እንዳበራ ግን አልጠየቅሁትም።

ያን ሳምንት የቧንቧ ውሃ ጠፍቶ ነበር። የነበረኝ አንድ ጀሪካን ነው፤ እሱንም ለወለሉ ማርጠቢያና ለመጠጥ ቆጥቤዋለሁ። ከማሸት በፊት በሳሙና ማጠብ ሕጌ ነበር። ይህ ግን ታጥቦ የመጣ መሰለኝና በደረቁ ማሸት ጀመርሁ። ካሸሁት በኋላ በቲነር በተነከረ ጨርቅ አንድ ጊዜ አለፍሁበት። ጎድጎድ ያለውን በስቱኮ ሞላሁ፤ እንደገና አሸሁ፤ ፕራይመሩን ቀባሁ። ነጩን የቀመምሁት የእትዬ ብርቄ ግድግዳ ጥላ ውስጥ ነው፤ የአጥንት ነጭ ነበር፤ ሁለት ስንጥር ቢጫ፣ አንድ መርፌ ጥቁር። ዓርብ ረፋድ ሦስት ስስ ረጨሁ። በእጄ ጀርባ ዳሰስሁት። አዲሱ ከየት ጀምሮ አሮጌው የት እንዳለቀ እኔ ራሴ ጠፋኝ።

ይርጋ ሲያየው ጭንቅላቱን ይዞ ዞረ። «የት ነበር ቁስሉ? ንገረኝ፣ የት ነበር?» አቀፈኝ። ሰው ካቀፈኝ ቆይቶ ስለነበር እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ጌታው ቅዳሜ መጥቶ መኪናውን ዞሮ አየና ጭረት አላገኘም። ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሎኝ ሰነበትሁ፤ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። በሳምንቱ ይርጋ መኪናዋን ጎንደር ላቫጆ አስገባት። የሆነውን የነገረኝ እዚያ የነበረ ሌላ ሾፌር ነው። ጌታው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። አጣቢው የውሃውን ጎማ ወደ አፍንጫዋ አዞረ። ቀለሙ ከግራ ማዕዘን ተነሣ፤ ከዚያ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ እየተጠቀለለ እስከ ታርጋው ድረስ መጣ። ጌታው ሻዩን አስቀመጠ። «ገጭቼ ነበር ብትለኝ ምናልባት ይቅር እልህ ነበር» አለው። «ደብቀህ ግን አስቀባህብኝ።» እጁን ዘረጋ። ይርጋ ቁልፉን ሰጠው።

ይርጋ ዕቃውን ሊሰበስብ ደባርቅ መጥቶ ሦስት ቀን ቆየ። እትዬ ብርቄ በየቀኑ አይተውት ይነግሩኛል፤ «ያ ወሬኛ ጓደኛህ መናኸሪያ በር ላይ ተቀምጧል፤ ምነው ወዲህ አልመጣ?» ይሉኛል። እኔ በሬን ዘግቼ የማይረባ ቁራጭ ፕላስቲክ አሻለሁ። ምን ብዬ ፊቱ እቆማለሁ? ይቅርታ የሚባለው ምን ማጥፋትህን ስታውቅ ነው፤ እኔ ምን እንዳጠፋሁ ገና አላወቅሁም ነበር። በአራተኛው ቀን ወደ መተማ ወረደ፤ እዚያ ትራክተር ሊነዳ ነው አሉ።

ባምፐሩን ያገኘሁት ከወራት በኋላ ነው። ቡይት ራስ የአንድ ሎጅ መኪና ልቀባ ሄጄ፣ ከግቢው ጀርባ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ተጥሎ አየሁት። የይርጋ ጌታ አዲስ ሲያስገጥም አሮጌውን እዚያ ጥለውት ነው፤ በተላጠው ግራ ማዕዘኑ ለየሁት። ለምኜ ወሰድሁት። በማግስቱ ሚኒባስ ላይ ጭኜ ዳባት ጋሽ ፈንታ ዘንድ ይዤው ሄድሁ።

ዓይናቸው በዚያን ጊዜ ጭላንጭል ብቻ ነበር የሚያየው። ባምፐሩን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። በእጃቸው ጀርባ ዳሰሱት። ከዚያ ያልተነሣውን ቀለም በጥፍራቸው ላጥ አድርገው አፍንጫቸውን አስጠጉት።

«ናፍጣ ነው» አሉ።

እኔም አሸተትሁ። ደክሞ ነበር፤ ግን አለ።

«ሾፌር ነው አይደል ያመጣው? ሾፌር ፕላስቲክ የሚያበራው በናፍጣ ነው። ሳታጥብ አሸኸው፤ ናፍጣውን በወረቀትህ ጭረት ለጭረት አስገባህለት። ከላዩ ወርቅ ብትቀባው አይይዝም።» ከዚያ ጠየቁኝ፤ «ምን በልቷል ብለህ ጠየቅኸው?»

«አልጠየቅሁትም።»

ጋሽ ፈንታ ባምፐሩን ከጉልበታቸው አንሥተው መለሱልኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሌላ ጥያቄ ሳያስከትሉ ሲቀሩ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሙያ ብቻ ነው። ባምፐሩን እስከ ጥቁሩ ድረስ ገፈፍሁት፤ በሙቅ ውሃና በሳሙና አምስት ጊዜ አጠብሁት። ውሃ አፈሰስሁበት፤ ውሃው ዶቃ ዶቃ እየሆነ ሲሸሽ ገና ቅባት እንዳለው ነው፤ እንደ ስስ ጨርቅ ሲተኛበት ጸድቷል። ቱሪስቶች ሳንቃ በር የሚተዉትን ትንንሽ የጋዝ ቆርቆሮ በቅሎ ነጂዎች ያመጡልኝ ነበር። የጋዙን ሰማያዊ ነበልባል ላይ ላዩን ፈጠን አድርጌ ሳሳልፍበት የሚንሳፈፈው ፕላስቲክ ሳይቀር ቀለም እንደሚይዝ የተማርሁት በዚያ ባምፐር ነው። እንደገና ቀባሁት። በድንጋይ ሞከርሁት፣ በውሃ ሞከርሁት፣ በቢላ ሞከርሁት። አልተነሣም። የሚወስደው ሰው ስላልነበረ ከማገሩ ላይ ተወሁት።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ሠራሁ። የአስፋልቱ ሥራ ሲመጣ በአንድ ኮንትራክተር ካምፕ ስምንት ወር መኪና ቀባሁ፤ አለቃዬ ስለ ሁሉም ነገር «ነገ» የሚል ሰው ነበር። ከዚያ ተመልሼ እቤቴ ውስጥ መቀባት ቀጠልሁ። ለመጣው ሰው ሁሉ «ምን በልቷል?» ማለት ጀመርሁ። ሰዎች ይስቁና ይነግሩኛል። ቅቤ የነካው አለ፣ በተቃጠለ ዘይት የተወለወለ አለ። የቀባሁት ከዚያ በኋላ አንድም አልተላጠም። ስለ ዕቃው ሁሉን እጠይቃለሁ። ሰውየው ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሚጠብቀው ግን ሳልጠይቅ ሒሳቤን ተቀብዬ በሬን እዘጋለሁ።

ባለፈው ወር፣ ቅዳሜ፣ ጋሽ ፈንታን ልጠይቅ ዳባት ሄድሁ። አሁን ጨርሶ አያዩም፤ በድምፅ ግን ያገሩን ሰው ሁሉ ይለያሉ።

«ያ ያንተ ሾፌር ተመልሷል» አሉኝ። «ከዳባት ጎንደር ሚኒባስ ይነዳል። ጠዋት መናኸሪያ ሲጮህ ሰምቼ ከየት እንደመጣ ጠየቅሁት፤ እሱው ነው። አገኘኸው?»

«አላገኘሁትም።»

«ታዲያ እኔ ዘንድ ምን ትሠራለህ?» በምርኩዛቸው እግሬን ነካ አደረጉኝ። «ተነሥ!»

መናኸሪያ ደረስሁ። ይርጋ ሚኒባሱን ተደግፎ ቆሟል። ወፍሯል፤ የቆላ ፀሐይ ፊቱን አጥቁሮታል። ሲያየኝ መጀመሪያ ጮኸ። «ኧረ ተመልከቱ ማን እንደመጣ! የተዘጋው ሬዲዮ!» ከዚያ ሳቁ ቶሎ ከፊቱ ወረደ። ስምንት ዓመት መካከላችን ቆመ።

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ቃል ብዙ ነበር። የወጣልኝ ግን ይህ ብቻ ነው፤ «ይርጋ፣ ያን ጊዜ ባምፐሩን ስታመጣልኝ በምን ወልውለኸው ነበር?»

«በናፍጣ ነዋ! አቧራ የጠጣ ዕቃ ታቅፌ ሰው ቤት ልግባ?»

«ቀለሙን ያስነሣው እሱ ነው። ጥፋቱ ግን ያንተ አይደለም። መጠየቅ ነበረብኝ። ሳልጠይቅህ፣ ሳላጥብ ቀባሁት። ከሥራ ያስወጣሁህ እኔ ነኝ።»

ይርጋ መሬቱን አየ። «አውቄዋለሁ» አለ።

«መቼ?»

«እዚያው ላቫጆ። ቀለሙ ሲነሣ ናፍጣው አፍንጫዬን መታኝ።»

«ታዲያ ለምን መጥተህ አልነገርኸኝም?»

«እኔ ልምጣ?» ድምፁ ከፍ አላለም። «ሦስት ቀን ቆየሁ እኮ፣ አስማረ። የነበረኝ አንድ ሻንጣ ነው፤ አንድ ሻንጣ ለመሰብሰብ ሦስት ቀን ይፈጃል? መናኸሪያው በር ላይ ተቀምጬ የቤትህን መንገድ ሳይ ነበር። ስለ ቀለም ልሰማ አልነበረም። መጥተህ እንዴት ሰነበትህ እንድትለኝ ነበር።»

ረዳቱ «ጎንደር! ጎንደር! አንድ ሰው ጎንደር!» እያለ ይጣራል። ተሳፋሪዎቹ በመስኮት ያዩናል። ይርጋ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ወደ መሪው ዞረ።

«ይርጋ» አልሁት። «እንዴት ሰነበትህ?»

ቆመ። ሊስቅ አፉን ከፈተና ተወው።

«ረጅም ነው» አለ። የጋቢናውን በር ከፈተው። «ግባ፣ መንገድ ላይ እነግርሃለሁ።»

ጎንደር ምንም ጉዳይ አልነበረኝም። ገባሁ።